ስምንት ሰው በአንድ ጉድጓድ

ታዙልት፣ ታፊላልት
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1999

ለተከበሩት አጎቴ ለዓሚ ባሱ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤትዎና በደጅዎ ላይ ይሁን። ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? የሊዬዥ ብርድ ጉልበትዎን አልያዘውም ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም አለን። የአያቴ የባ ሙሐ ሳል ቀነስ ብሎላቸዋል፤ ለዒድ በእግራቸው ሄደው ሰግደዋል። የአክስቴ የሐድሁም ልጅ ታጨች። ሙሽራው ጸጉር የለውም፤ መኪና ስላለው ግን ነገሩ ሳይነሳ ታልፏል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ጉዳይ ይዤ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። አያቴ ግን ባሱ የአባትሽ የአጎት ልጅ ነው፣ ዘመድ በጉዳይ ካልተፈለገ በምን ይፈለጋል ብለው ወረቀቱን ራሳቸው ገዝተው አመጡልኝ።

በመምህራን ማሰልጠኛው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛዬ ነው፤ በታይፎይድ ምክንያት አንዱን ደግሜያለሁ። የሚደገመው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። ሜይ ላይ በሦስት ፈታኞች ፊት አንድ ትምህርት አስተምራለሁ። ከሃያ አሥር ካላገኘሁ መምህርነቱ ቀረ፣ ወደ ቤት ነው።

ለልምምድ የተመደብኩት በመንደራችን ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል ነው። የክፍሉ አስተማሪ ላላ ሩቂያ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከሒሳብ መጽሐፉ ገጽ 84 ላይ ያለውን ጥያቄ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። «አራት ሠራተኞች አንድ የውሃ ጉድጓድ በአሥራ ሁለት ቀን ይቆፍራሉ። ስምንት ሠራተኞች በስንት ቀን ይቆፍሩታል?» ይላል። ሰዉ በእጥፍ፣ ቀኑ በግማሽ፤ ስድስት። ይህንኑ ጥያቄ እኛ እጩ መምህራኑም በማሰልጠኛው ተጠይቀን፣ ሠላሳ ስምንታችንም ስድስት ብለን ጽፈናል። አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም።

ቱዳ የምትባል ተማሪዬ ግን «አሥራ ሁለት። ለሁለት ሰው ቦታ የለም» ብላ ጻፈች። በቀይ ዜሮ ሰጠኋት። ይባስ ብዬ ምሳ ስንበላ እየሳቅኩ ለአያቴ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። የወይራውን ፍሬ ከአፋቸው አወጡና፣

«አንዱ ሲቆፍር ሰባቱ የት ቆመው ነው?» አሉኝ።

ዓሚ፣ እኔ የጉድጓድ ቆፋሪ የልጅ ልጅ ነኝ። ታች አንድ፣ ገመድ ላይ ሁለት፣ አፈር የሚደፋ አንድ፤ አራት ሰው ማለት ይኸው መሆኑን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የማውቀው። መጽሐፍ ስከፍት ግን የማውቀውን ሁሉ ከጫማዬ ጋር ደጅ ላይ አውልቄ እገባለሁ።

በማግስቱ የቱዳን ዜሮ ሰርዤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ላላ ሩቂያ አዩና መጽሐፍ ማረም ጀመረች ብለው ለማሰልጠኛው ጻፉብኝ። ለፈተና የደረሰኝ ርዕስም ይኸው ገጽ 84 ሆኗል። ዕጣ ነው ይሉኛል፤ ዕጣውን ያወጡት ግን ላላ ሩቂያ ናቸው።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ሲ በንናስር ናቸው። አያቴ ከእርስዎ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምረዋል ይላሉ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም። ከተመቸዎ ደግሞ አያቴ ገመድ ሲፈትሉ የሚያዩበት መነጽር ቢገኝ ምርቃቱ የእርስዎ ነው።

አክባሪዎ፣ ኢጦ


ሊዬዥ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1999

ለልጄ ለኢጦ፣

አላህ ዕድሜሽን ያርዝም፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ያብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባ ሙሐ ሳል መቀነሱን ስሰማ ደስ አለኝ። እዚህ ዝናብ ነው፤ ትናንትም ዝናብ ነበር። ራሰ በራው ሙሽራ መኪናው የራሱ መሆኑን አጣሩ።

ስለ ጉዳይሽ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ስድስት በይ። መጽሐፉ እንደሚለው አስተምሪና ውጪ። ፈተና ጉድጓድ አይደለም፣ ውሃ አይወጣበትም። የምስክር ወረቀትሽን በእጅሽ ካስገባሽ በኋላ የፈለግሽውን አስተምሪ። እኔ እዚህ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የስደተኛ ልጆችን የቤት ሥራ አግዛለሁ። ባለፈው አንዱ ልጅ ሦስት ጥንድ ጫማ ለአምስት ወንድማማቾች አካፈለና ለእያንዳንዳቸው አንድ ጫማ ከአንድ አምስተኛ ሰጣቸው። ትክክል ብዬ አለፍኩት። ቁጥሩ ትክክል ነዋ።

በንናስር ቀጥ ያለ ሰው ነው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ስሜን ባታነሺበት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጽሐፉ ስንተኛ ዕትም ነው? ከጥያቄው አጠገብ ያለችው የባልዲ ሥዕል አሁንም አለች?

መነጽሩን ፈልጌ እልካለሁ።

አጎትሽ ባሱ


ታዙልት
ማርች 9 ቀን 1999

ለተከበሩት ዓሚ ባሱ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ይድረስ፤ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ። ደህና ነን። መኪናው የወንድሙ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰርጉ ግን አልተሰረዘም፤ ድንኳኑን ተከራይተናል።

ምክርዎን ልሰማ ነበር። ማሰልጠኛ ስሄድ ግን አፌን መያዝ አቃተኝ። ጥያቄው ሲነሳ ተነስቼ አያቴ ያሉትን ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጉድጓዱ ሰፊ ቢሆንስ አለኝ፤ እንግዲያማ ኩሬ ነው፣ ዳክዬ አስገባበት አልኩት። ሌላዋ እኛ የምናስተምረው ቁጥር እንጂ ቁፋሮ አይደለም አለች። አሁን ስሜ «ወይዘሪት ጉድጓድ» ነው። ለምሳ ስሰለፍ ቦታ ልቀቁላት፣ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው ይሉኛል። ስቄ አልፋለሁ። ማታ ግን ልብስ ሳጥብ አብሬ የማጥበው ያንን ስም ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ሐሙስ ዕለት ሲ በንናስር ለጉብኝት መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ማንንም ሳያዩ፣ «መጽሐፍ ማረም የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፈተናውን ይለፍ፤ እስከዚያው የተጻፈውን ያስተምር» ብለው ወጡ። ሠላሳ ሰባቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሌላ ነገር አልፈልግም ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። እባክዎ አንድ መስመር ይጻፉላቸው። ዘመዴ ናት፣ ልጅነቷን እወቅላት ብቻ ይበሉ። ስሜን አታንሺ ያሉኝን አንብቤዋለሁ፤ ግን ሌላ ሰው የለኝም።

አሁን የምናስተምርበት አምስተኛ ዕትም ነው፤ ባልዲ የለበትም። ጥያቄዎ ስለከነከነኝ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ሣጥን ፈትሼ የመጀመሪያውን ዕትም አገኘሁ። እዚያ አለች። ዓሚ፣ ከመቶ ስልሳ ገጽ ውስጥ አንዲት ባልዲ እንዴት ትዝ አለችዎ? የአዘጋጆቹን ስም እንዳላይ ገጹን ምስጥ በልቶታል።

አክባሪዎ፣ ኢጦ


ታዙልት
ኤፕሪል 6 ቀን 1999

ለዓሚ ባሱ፣

አላህ ጤናዎን ይጠብቅ። ዒድ መጥቶ ሄደ። በጉን አረድን፣ የእርስዎንም ድርሻ እንደ ልማዳችን ለጎረቤት ሰጠን።

መነጽሩ ደርሷል። አያቴ አድርገውት ይሄው ገመዱ ላይ የጸጉር ስንጥቅ ያያሉ። በጥቅሉ ውስጥ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልነበረችም። ሦስት ጊዜ አራገፍኩት።

አያቴ ባሱን ተይው፣ አታስጨንቂው ይሉኛል። ምን የሚያውቁት ነገር አለ ብላቸው፣ የማውቀው ወንድሜ ዓዲ ያንን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዳስቀመጠ መሞቱን ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጆሯቸው መስማት አቆመ። እንደሚያውቁት ሲፈልጉ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ዓዲ የእርስዎ አባት ናቸው። ማንበብ የማይችሉ ሰው የሒሳብ መጽሐፍ ለምን ይጠቀልላሉ?

ፈተናው ሜይ 18 ነው። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ካልጻፉልኝ አይጻፉልኝ፤ ግን አልጽፍም ብለው ይጻፉልኝ።

ኢጦ


ሊዬዥ
ኤፕሪል 25 ቀን 1999

ለልጄ ለኢጦ፣

ሰላም ይብዛልሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ የአሁኑን ሳልቀድ ፖስታ ቤት ለማድረስ ቸኩያለሁ።

የገጽ 84ን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በ1979 መጽሐፉን ያዘጋጀነው አምስት ሰዎች ነበርን፤ በንናስርም አንዱ ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣልን ጥያቄ ስለ ግንበኞችና ስለ ግንብ ነበር። እኔ ተነሳሁና የኛ ልጆች የሚያውቁትን እንስጣቸው፣ ጉድጓድ እናድርገው አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። አባቴን መጽሐፍ ውስጥ ያስገባሁት መሰለኝ፤ ኩራቴ ለብቻው አውቶቡስ ይሞላ ነበር።

መጽሐፉ ሲታተም ይዤ ታዙልት መጣሁ፤ ለአባቴም አነበብኩላቸው። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ከተቀመጡበት ተነሱ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ክርናቸውን ወደ ውጭ ዘረጉና ባሉበት አንድ ዙር ዞሩ። የጉድጓድ ስፋት የሚለካው እንደዚያ ነው። ክርን የሚያርፍበት አንድ ክብ፣ ለአንድ ሰው። ከዚያ ተቀመጡ። እኔም ገባኝ።

ወዲያው ጎረቤቶች ለእንኳን ደህና መጣህ ገቡ። አባቴም «ልጄ ስለ እኛ ሥራ መጽሐፍ ላይ ጽፏል፤ ምንም ስህተት የለበትም» አሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዋሽተው የማያውቁ ሰው ስለ እኔ ሲሉ በሰው ፊት ዋሹ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ላርመው እችል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የዛጎራ መምህር ጉድጓዱ ስንት ሰው ይይዛል ብሎ ጻፈልን። በንናስር ልክ ነው፣ እናውጣው አለ። እኔ ግን ጮህኩ። የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ እኔ ነኝ ወይስ አንተ አልኩት። እሱም አመነኝና ጥያቄው እንዲቆይ ፈረመ። ያወጣሁት ሥዕሉን ብቻ ነው፤ የጉድጓዱ አፍ ከባልዲዋ እምብዛም አይሰፋም ነበርና እንዳያሳብቅብኝ ብዬ።

ከአገር የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ እንደማንኛውም ሰው ለኑሮ ነው የወጣሁት። ለእረፍት ስመጣ ግን ባ ሙሐ ፊት ብዙ የማልቀመጠው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል።

ስድስት በይ ያልኩሽ ለራሴ ስል ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።

ከዚህ ጋር ለበንናስር የጻፍኩትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። አልታሸገም፤ አንብቢው። ልመና የለበትም፣ ስምሽም የለበትም። ጥያቄውን እኔ ጻፍኩት፣ ስህተት መሆኑን አባቴ የዚያኑ ዕለት አሳዩኝ፣ አንተን በእልህ አስፈርሜ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ ይላል። ስትፈልጊ ስጪው፣ ስትፈልጊ አቃጥይው። ፊርማው ስላለበት ሊቆጣ ይችላል። እኔ እዚህ ሆኜ የሚነካኝ ነገር የለም፤ ፈተናው ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምክር አልሰጥሽም።

ባሱ


ታዙልት
ሜይ 24 ቀን 1999

ለተከበሩት፣ አሁን ደግሞ ይበልጥ ለማከብርዎ ለዓሚ ባሱ፣

አላህ ልብዎን ያሳርፍ። ደብዳቤዎን ለአያቴ አነበብኩላቸው፤ ጆሯቸው ሰማ። እስከ መጨረሻው አድምጠው መነጽሩን አወለቁና ጠራረጉት። ከሁለታችን ዝም ማለት የሚችለው ዓዲ ነበር፣ እኔ ብሆን እነግርህ ነበር በይልኝ ብለዋል።

አሁን ስለ ፈተናው ልንገርዎ። ለሲ በንናስር የጻፉትን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሁለት ጊዜ ቢሯቸው በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሦስተኛ አልሄድኩም።

በፈተናው ቀን ሦስቱ ፈታኞች ከኋላ ተቀመጡ። መጀመሪያ መጽሐፉ እንደሚለው አስተማርኩ፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው የሚያንስበትን ወደር ልጆቹ ማወቅ አለባቸው። ስድስትን አወጡ። ፈታኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓሚ፣ አልደብቅዎትም፣ እዚያ ላይ ላቆም ነበር። ጠመኔውን አስቀምጬ ነበር። በወንበሮቹ መሃል ሳልፍ ግን የቱዳን ደብተር አየሁ። ስድስት ይላል። ጎንበስ ብዬ ለምን አልኳት።

«ዛሬ እንግዶች አሉ» አለችኝ።

ተመልሼ ጠመኔውን አነሳሁ። አባትዎ እንዳደረጉት ክርኔን ዘርግቼ ዞርኩና መሬቱ ላይ ክቡን ሠራሁት። ስምንት ሠራተኛ ይግባ አልኩ። ሦስቱ ተጣብበው ገቡ። አራተኛው ሲገፋ አንደኛው ወጥቶ ሲ በንናስር ጫማ ላይ ወደቀ። አንዱ ዶማውስ የት ይግባ ሲል፣ ሌላው ጭንቅላትህ ላይ አለው። ሳቁ ሲበርድ እንግዲህ ሰው ሲጨመር ቀን የሚቀንሰው ምን ላይ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ቴምር ማውረድ አሉ፤ ዛፉ ስምንት ከሆነ። አጥር ማጠር። እቃ ማጠብ። ሰርግ ላይ ግን ዘፋኝ ቢጨመር ሰርጉ ይረዝማል እንጂ አያጥርም አለች አንዷ። እንዲህ ስንል ደወል ተደወለ። ሁለተኛውን መልመጃ አልነካሁትም። መሃል የተቀመጡት ፈታኝ ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ፤ የግራው ሳያዩም ጻፉ።

ሲ በንናስር ከመውጣታቸው በፊት ቱዳ ዘንድ ቆሙና ታዲያ በስምንት ሰው ስንት ቀን ነው አሏት። እሷም ተነስታ፣

«እየተፈራረቁ ከሆነ ከአሥራ ሁለት ትንሽ ያንሳል፣ ሲዲ። ትንሹ ስንት እንደሆነ ግን ድንጋዩ ሳይታይ አይታወቅም» አለች።

ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

አራት ቀን እህል አልበላሁም ብልዎ ማጋነን ነው፤ ሁለት ቀን ግን አልበላሁም። ቅዳሜ ዕለት ውጤቱ ተለጠፈ። አንደኛው ፈታኝ ስምንት። ሁለተኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው፣ ሰብሳቢው፣ አሥራ ሦስት። ደምሬ ለሦስት አካፈልኩት፤ ባላምን ሌላ ሰው እንዲያካፍልልኝ ሰጠሁት። አሥር። ልክ አሥር። አሥራ ሁለት ቢሰጡኝ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ዝቅተኛው ውጤት ስለሆነ ከምደባ የሚደርሰኝ ሁሉም መርጦ የተወው ትምህርት ቤት ነው፤ ይሁን፣ አስተማሪ ነኝ።

ያኔ ነው ደብዳቤዎን ይዤ ቢሯቸው የገባሁት። ቆመው አነበቡት። አጣጥፈው እንደገና ከፈቱት።

«መቼ ደረሰሽ?» አሉኝ።

«ከፈተናው በፊት።»

«ለምን ያኔ አላመጣሽውም?»

ያኔ ባመጣው ልመና ይመስላል ብዬ ፈራሁ አልኳቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱና፣

«አማላጅ ያመጣሽ ነበር የሚመስለኝ። ከአሥራ ሁለት አላልፍም ነበር» አሉኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝና አድራሻዎን ጠየቁኝ። የውጤቴ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ፊታቸው የተቆጣ ይሁን የታረቀ ለይቼ አላየሁትም፤ ስለዚህ በሐሰት ላጽናናዎ አልችልም። ዓሚ፣ ከታፊላልት ፖስታ ሲመጣልዎ እጅዎ ይጠንክር፣ ይክፈቱት።

ልጅዎ፣ መምህርት ኢጦ